ባለ አራት መብራት

ነጭ ሳጥን ገዛሁ ከደብረ ማርቆስ፣
ጉልበቴ ላይ ይዤ ቢቸና ድረስ፤
በጋቢ ጠቅልዬ እንደ አራስ ሕፃን፣
ረዳቱ "ስንት ወሩ ነው?" ብሎ አሳቀን።

ሲም ካርዱን ሲጎርስ አራት ዓይኑ በራ፣
ሦስቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ የሚያስፈራ።
ከቁምሳጥን ላይ ሰቀልሁት፤ እምቢ አለ።
ከመስኮት አዋልሁት፤ ትንሽ ተሻለ።
ፊቱን ወደ ጮቄ ሳዞረው ሁለት መስመር ሰጠኝ፣
የሻረግ መጋረጃ ስትስብ አንዱን ነጠቀኝ።

"የቤትህ ቆርቆሮ ነው ሞገዱን የሚመልሰው፣
አንቴና ከውጭ ስቀል" አለኝ አንድ አዋቂ ሰው።
ጀርባውን ገልብጬ በባትሪ ብፈልግ፣
መሰኪያ የለውም፤ ድፍን ነው፣ ምን ላድርግ።

ደግሞ ገጹን ከፈትሁ፣ የሚታዘዝበትን።
ስሙን ቀይር ይላል። ቁልፉን ቀይር ይላል።
ሌላውን ስነካው ደብዝዞ ዝም ይላል።
የልጆቼን ስልክ ማታ እንዲዘጋልኝ
ብለምነው፣ ብለምነው፣ ቦታም አላሳየኝ።
አሥራ አንደኛ እንግዳ ሲመጣ አንዱን ይጥላል፤
የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ መች ያስተውላል።

ስንሻው ልብስ ሰፊው፣ ከደጄ ፊት ያለው፣
ዲማ ቅኔ ቤት አራት ዓመት የዋለው፣
ክሩን ከአፉ ሳያወጣ ሳጥኑን አንኳኳና፣
"ሰሙን ነው የሸጡህ፤ ወርቁ እነሱ ጋ ነው ገና።"

ይህን ሁሉ ይቅር ብዬው ነበር፤
የወፍጮዬ ነገር ባይኖር።

ካሜራ ነበረኝ ከሚዛኑ በላይ፣
ሳሎን ቁጭ ብዬ ወፍጮ ቤቱን የማይ፤
እንየው ሲመዝን ዱቄት አሸብቶት፣
ወረፋው ሲረዝም፣ ቀበቶው ሲላላበት።
ከቤት እስካለሁ ድረስ ደህና ነበር።

የሻረግን ጥቅምት ላይ ሐሞቷ አመማትና
ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ወጣች በደህና።
አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ስልኬን ብከፍተው፣
ጥቁር መስታወት ላይ ክብ ነገር ይዞራል። ይኸው ነው።

ደወልሁ ለድርጅቱ። ልጅቷ ትሑት ናት፤
በዝግታ ዘርዝሬ ነገሬን ነገርኋት።
"ሳጥኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ አባቴ፤
ከውጭ ወደ ውስጥ ግን…" "በር የለውም?" "የለውም።" "ቤቴ እኮ ነው፣ እህቴ!"
"አድራሻዎ የብቻዎ አይደለም፤ ከብዙ ሰው ጋር ነው።"
ከስንቱ ጋር በደባልነት እንደኖርሁ ማን ነግሮኝ ነው?
"እስኪ ለማንኛውም አጥፍተው ያብሩት።"
እሱ ቢቸና፣ እኔ ባሕር ዳር።
ዘጋሁት።

እንየው ጋ ደወልሁ፣ ባለ ቁልፍ ስልኩ ላይ፣
መልእክት የማይከፍት፣ ምስል የማያሳይ።
"ጋሼ፣ ሁሉም ሰላም" አለ፤ አላመንሁም።
"ስልኩን ወደ ድንጋዩ ጠጋ አድርገው" አልሁ፤ ዝም።

መጣ። ያ ጩኸት። ያ የድንጋይ ሳል።
ጤፍ ነው፤ በቆሎ ቢሆን ይሻክራል።
በየአራት ዙሩ ጧ የሚል ነገር አለ፤
ቀበቶው ላልቷል፣ ወይ ስፌቱ ቀለለ።
"አጥብቀው" አልሁት፣ "በግራ በኩል ያለውን።"
"እንዴት አዩት?" አለ፤ ቀና ብሎ ሳያይ አይቀርም ካሜራውን።
የሻረግ ስፌቷን ይዛ፣ "አታስቀኝ" እያለች፣
"እስኪ ለእኔም" ብላ ስልኩን ወሰደች።

አሁን ቤት ነን። ሳጥኑ እዚያው መስኮቱ ላይ አለ፤
ስንሻው በቁራጭ ጨርቅ ቀዩን ዓይን ከለለ።
የሱን ሂሳብ በየወሩ እከፍላለሁ፤ ግዴታ ነው።
ለእንየው የሃምሳ ብር ካርድ ሞላሁ፤ ይህን ግን ወድጄ ነው።